የላፕቶፕ ዋይፋይ በቀን ብዙ ጊዜ ይቆራረጣል፤ እዚያው ያሉት ስልኮች ግን ደህና ናቸው

መስመር_ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤቴ ዋይፋይ ላፕቶፑ ላይ ብቻ እየተቆራረጠ አስቸግሮኛል። ያለውን ሁሉ በዝርዝር ላስቀምጥ።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ነው። ራውተሩ ከጠረጴዛው 6 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መሃል ላይ አንድ ግድግዳ አለ። ሁለት ስልኮች እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያለ ችግር ይሠራሉ። ላፕቶፑ ግን በቀን አሥር ጊዜ ያህል ይቋረጣል። አቋራረጡ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዴ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ እያለ ገጽ አይከፍትም፤ ስብሰባ ላይ ከሆንኩ ድምፁ ይቆራረጥና ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። ሌላ ጊዜ ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ጭራሽ አይገናኝም፤ ዋይፋዩን አጥፍቼ ካላበራሁት አይመለስም።

እስካሁን ራውተሩን ሪስታርት አድርጌያለሁ፣ የዋይፋዩን ስም «ፎርጌት» ብዬ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገብቻለሁ፣ የዊንዶውስ አፕዴቶችን ሁሉ ጭኛለሁ። ምንም ለውጥ የለም። «ኔትወርክ ሪሴት» የሚለውን ልጫነው ወይስ ከእሱ በፊት የምፈትሸው ነገር አለ? አዲስ ራውተር ልግዛ የሚል ሐሳብም አለኝ፤ ግን ጥፋቱ የራውተሩ መሆኑን ሳላረጋግጥ ገንዘብ ማውጣት አልፈለግኩም።

ጥቁር_መስኮት፦

ወንድሜ፣ ራውተር ለመግዛት አትቸኩል፤ «ኔትወርክ ሪሴት»ንም ለአሁኑ ተወው። ሪሴቱ ያስቀመጥካቸውን የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ሁሉ ይሰርዛል፤ ቪፒኤን የምትጠቀም ከሆነም እንደገና መጫን ይኖርብሃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ምን እንደነበረ ሳታውቅ መቅረትህ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ።

መጀመሪያ መለየት ያለብህ የት ጋ እንደሚበጠስ ነው። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ላይ ለመድረስ ሁለት ነገር ይሻገራል፦ ከእሱ እስከ ራውተሩ ያለውን አየርና ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚሄደውን መስመር። ከሁለቱ አንዱ ሲበጠስ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ያው ነው፣ ገጽ አይከፈትም። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ለካ።

የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሲኤምዲ» ብለህ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈት። ትእዛዞቹን በሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፋቸው። መጀመሪያ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ጻፍና ኢንተር በል። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የዋይፋዩን ክፍል ፈልግና «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር ያዝ። እሱ የራውተርህ አድራሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ይሆናል። ከዚያ «ፒንግ» ብለህ ባዶ ቦታ፣ የራውተሩ አድራሻ፣ እንደገና ባዶ ቦታ፣ በመጨረሻም ሰረዝና «ቲ» ፊደልን አያይዘህ ጻፍ። ሰረዙና «ቲ»ው እስክታቆመው ድረስ በየሰከንዱ እንዲጠይቅ ያደርጉታል። ሁለተኛ መስኮት ክፈትና ይህንኑ በ8.8.8.8 አድርግ፤ ይህ ውጭ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ሥራህን ቀጥል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሂዱ። ስታቆማቸው «ኮንትሮል» ይዘህ «ሲ»ን ተጫን፤ ስንት እንደተላከ፣ ስንት እንደጠፋ፣ ትንሹንና ትልቁን ጊዜ ይነግርሃል።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ዋይፋዩ ጤነኛ ከሆነ ራውተሩ ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይመልሳል። አልፎ አልፎ 20 ወይም 30 ብታይ አያስጨንቅህ። ችግሩ በተፈጠረበት ሰከንድ ሁለቱም መስኮቶች «ሪክዌስት ታይምድ አውት» ካሉ የተበጠሰው አየሩ ነው፤ ላፕቶፑንና ሬዲዮውን እንመረምራለን። የራውተሩ መስኮት በሰላም እየቆጠረ 8.8.8.8 ብቻ ከቆመ ጥፋቱ የውጭው መስመር ነው፤ ያኔ ላፕቶፑ ላይ ምንም ነገር አትንካ። ሁለቱም በደንብ እየመለሱ ገጹ ብቻ ካልተከፈተ ደግሞ የገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው የስም መፈለጊያ፣ ማለትም ዲኤንኤሱ ነው። «ጄኔራል ፌይለር» የሚል መልስ ካየህ ለብቻው መዝግበው፤ በዚያ ሰከንድ የዋይፋይ ካርዱ ራሱ ጨርሶ እንዳልተገናኘ ነው የሚናገረው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የ8.8.8.8 ቁጥር ከ30 ወደ 400 ወይም 800 ሚሊሰከንድ ከዘለለና የራውተሩ ካልተለወጠ፣ ምናልባት ቤት ውስጥ አንድ መሣሪያ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ወደ ላይ እየጫነ ነው። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ወረፋ ሞልቶበት ነው። ብዙ ሰው ይህን «ዋይፋይ ተቋረጠ» ይለዋል።

የሲግናሉንም መረጃ አምጣልን። እዚያው መስኮት ላይ በአራት ቃል፣ «ኔትሽ»፣ «ደብሊውላን»፣ «ሾው»፣ «ኢንተርፌስስ» ብለህ ጻፍ። በቅርብ የወጡ የዊንዶውስ 11 እትሞች ላይ ሎኬሽን ከተዘጋ ይህ ትእዛዝ ይከለከላል፤ ከሴቲንግ ከፍተኸው ሞክር። ከመልሱ ውስጥ የምንፈልገው ሲግናሉን፣ ባንዱን (2.4 ወይስ 5 ጊጋኸርዝ)፣ በባንዱ ውስጥ ያለውን ቻናልና «ሪሲቭ ሬት»ን፣ ማለትም የሚቀበልበትን ፍጥነት ነው። ሲግናሉ በመቶኛ ስለሚመጣ ወደ ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጎላል) ለመቀየር ለሁለት አካፍለህ 100 ቀንስበት፤ 80 በመቶ ማለት -60 ገደማ ነው። እስከ -67 ድረስ ለቪዲዮ ስብሰባ ይበቃል፤ ከ-75 በታች ከወረደ ርቀቱ ወይም ግድግዳው አሸንፎታል።

መስመር_ፈላጊ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ያሉኝን አደረግኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሄዷል።

ራውተሩ፦ 3600 ተልኮ 216 ጠፍቷል፣ 6 በመቶ ማለት ነው። ትንሹ 2 ሚሊሰከንድ፣ ትልቁ ከ900 በላይ። የ8.8.8.8 መስኮትም እዚያው ሰከንዶች ላይ ነው የቆመው። «ጄኔራል ፌይለር» አላየሁም።

ሲግናል 82 በመቶ፣ ባንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ቻናል 9። «ሪሲቭ ሬት» ደግሞ ትእዛዙን በደገምኩ ቁጥር ይለዋወጣል፤ አንዴ 144፣ አንዴ 26፣ አንዴ 6.5።

ሲግናሉ 82 በመቶ ከሆነ -59 መሆኑ ነው፤ እንደ አባባልዎ ጥሩ ነው። ታዲያ ለምን ይጠፋል?

ገመድ_አልባ፦

ጥያቄዎ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ሲግናል የሚነግርዎት የራውተሩ ድምፅ ምን ያህል እንደሚጎላ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ምን ያህል ጫጫታ እንዳለ አይናገርም። ጆሮ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰውም ቢሆን አጠገቡ ወፍጮ ከተነሳ አይሰማም። ዋይፋይ ሲቆጠር -59 ሲግናል ከ-95 ጫጫታ ጋር የ36 ዲሲቤል ልዩነት አለው፤ ከበቂ በላይ ነው። ጫጫታው ወደ -70 ከፍ ካለ ግን የሚተርፈው 11 ዲሲቤል ነው። ያኔ ካርዱ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ 6.5 ሜጋቢት ድረስ ይወርዳል፤ እሱም ካልሆነለት ይጠፋል። የእርስዎ «ሪሲቭ ሬት» የሚያሳየው ልክ ይህን ነው። ሲግናሉ ሳይነቃነቅ ፍጥነቱ ብቻ ከወጣና ከወረደ ረብሻ ነው፤ ርቀት አይደለም።

ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ።

የመጀመሪያው ቻናል 9 ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎቹ እርስ በርስ የሚራራቁት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ የዋይፋይ ስርጭት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ አብረው የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ቻናል 9 ላይ የተቀመጠ ራውተር 6 ላይ ካለውም 11 ላይ ካለውም ጎረቤት ጋር ይጋጫል። ይባስ ብሎ ግጭቱ ከፊል ስለሆነ ራውተሮቹ ንግግር መሆኑን ለይተው ተራ አይጠባበቁም፤ አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከጎረቤት ጋር አንድ ቻናል ላይ መሆን እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ተራ ይጠብቃሉ። የራውተሩ የቻናል ስፋት 40 ሜጋኸርዝ ላይ ከሆነም ወደ 20 ይመልሱት፤ ይህ ባንድ በአጠቃላይ 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ 40 ግማሹን ይወስዳል።

ሁለተኛውን ደግሞ ልጠይቅዎ፦ ላፕቶፑ ላይ ምን ተሰክቷል? ዩኤስቢ 3 ሃብ (አንዱን ሶኬት ወደ ብዙ የሚያበዛው)፣ ውጫዊ ዲስክ፣ ከስክሪን ጋር የሚያገናኝ ዶክ አለ? የዩኤስቢ 3 ሶኬት ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። በ5 ጊጋቢት የሚሠራው ዩኤስቢ 3 መረጃ ሲያስተላልፍ ከገመዱና ከሶኬቱ የሚያፈተልከው ጫጫታ ልክ የ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ላይ ይወድቃል። ኢንቴል ራሱ በ2012 በዚህ ጉዳይ ላይ የመለኪያ ጽሑፍ አውጥቷል። መከለያው ደካማ የሆነ ሃብ ከላፕቶፑ አንቴና ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ላፕቶፑን ያደነቁረዋል፤ 6 ሜትር የሚርቀው የራውተር ድምፅ 5 ሴንቲሜትር ላይ ካለ ጫጫታ ጋር አይወዳደርም። ስልኮቹ ደህና የሚሆኑትም ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሃብ አልተሰካባቸውም፣ ምናልባትም ያሉት 5 ጊጋኸርዝ ላይ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። የራውተሩን ፒንግ ክፍት አድርገው ከውጫዊ ዲስኩ ትልቅ ፋይል ይቅዱ። ቁጥሮቹ ወዲያው ከተበላሹና ገመዱን ሲነቅሉት በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ወደ 2 እና 3 ከተመለሱ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ በአሳሽ የራውተሩን አድራሻ ከፍተው ወደ ዋይፋይ ወይም «ዋየርለስ» ክፍል ይግቡ። የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርዝ ስሞችን ይለያዩ፤ ለምሳሌ የአንዱ ስም መጨረሻ ላይ 5 ይጨምሩ። ስሙ አንድ ሲሆን ላፕቶፑ በየትኛው ላይ እንዳለ እርስዎ አይመርጡም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የሚፈጠረውን መቋረጥም ከሌላ ችግር መለየት ያቅታል። ላፕቶፑን በ5 ጊጋኸርዙ ብቻ ያገናኙትና የ2.4ቱን ስም ላፕቶፑ ላይ «ፎርጌት» ያድርጉት። አንድ ግድግዳና 6 ሜትር ለ5 ጊጋኸርዝ ብዙም አይከብደውም።

የ5 ጊጋኸርዙን ቻናል «አውቶ» ላይ አይተዉት፤ ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 አንዱን ይምረጡ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ እነሱን ከመጠቀሙ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት፤ እየሠራ ሳለ ራዳር የሰማ ከመሰለው ደግሞ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ የመውጣት ግዴታ አለበት። የ5 ጊጋኸርዝ ስሙ ድንገት ከሁሉም መሣሪያ ላይ ጠፍቶ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ከተመለሰ ነገሩ ይህ ነው።

ጥቁር_መስኮት፦

ረብሻው ላይ ከገመድ_አልባ ጋር እስማማለሁ። ግን ክዳኑን ከፍተህ የማይገናኘው ነገር በቻናል አይፈታም፤ እሱ ሌላ ችግር ነው። ሁለቱን አትቀላቅላቸው፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ያለዚያ የትኛው እንደጠቀመ አታውቅም።

ላፕቶፑ ሲተኛ ዊንዶውስ የዋይፋይ ካርዱን ኃይል ይቀንስበታል ወይም ያጠፋዋል። ሲነቃ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር፣ ካርዱን በትክክል ካላስነሳው አንተ ያየኸው ይከሰታል፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት የሚጠቅመውም ድራይቨሩን እንደገና ስለሚያስጀምረው ነው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ»ን ዘርግተህ የዋይፋይ ካርዱን በቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለው ትር። እዚያ ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ይህን መሣሪያ እንዲያጠፋ የሚፈቅደው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ትሩ ጭራሽ ከሌለ አትደንግጥ፤ «ሞደርን ስታንድባይ» የሚባለውን የእንቅልፍ ዓይነት የሚጠቀሙ ላፕቶፖች ላይ ላይታይ ይችላል። ያኔ የሚቀረው መንገድ ድራይቨሩ ነው።

ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ በሞዴል ቁጥሩ ፈልገህ አውርድ። «አፕዴት ሁሉ ተጭኗል» ማለት የካርዱ ድራይቨር አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ዊንዶውስ አፕዴት የሚያመጣው አንዳንዴ ከአምራቹ የቆየ ነው። አሮጌውን ከማጥፋትህ በፊት አዲሱ ፋይል ዲስኩ ላይ መቀመጡን አረጋግጥ፤ ካርዱ ድራይቨር ከሌለው ኢንተርኔት አይኖርህም፣ ማውረጃም አታገኝም። ከዚያ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በል፣ ድራይቨሩንም አብሮ እንዲያስወግድ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት አድርግ፣ አዲሱን ጫንና «ሪስታርት» አድርግ። «ሻት ዳውን» አትበል። «ፋስት ስታርትአፕ» ከተከፈተ ሻት ዳውን የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንኑ መልሶ ስለሚያነሳ ሙሉ መዝጋት አይደለም፤ ሪስታርት ግን ሁሉንም ከመጀመሪያ ያስነሳል። ችግሩ የጀመረው ከአንድ አፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን መጀመሪያ ሞክር።

ማስረጃ ከፈለግህ ዊንዶውስ ራሱ መዝግቦ ይዞልሃል። «ኢቬንት ቪወር» ውስጥ «ደብሊውላን አውቶኮንፊግ» የሚለውን መዝገብ ክፈት፤ 8001 መገናኘቱን፣ 8002 መገናኘት አለመቻሉን፣ 8003 መቋረጡን ይናገራል፤ የእያንዳንዱ ምክንያት ሥሩ ተጽፏል። ሰዓቶቹን በተርታ ተመልከት። ልክ በየ60 ደቂቃው የሚቋረጥ ከሆነ ራውተሩ የጋራ የምስጠራ ቁልፉን የሚያድስበት ጊዜ 3600 ሰከንድ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑ እድሳቱን እየሳተው ሊሆን ይችላል። ከእንቅልፍ በኋላ ተገናኝቶ አድራሻህ በ169.254 የሚጀምር ከሆነም ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ የምታየው የራውተሩን ዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻ የሚያድለውን ክፍል ነው።

ሦስት_ባር፦

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ፣ የእኔም ተቀራራቢ ስለሆነ ነው። ላፕቶፑ ራውተሩ አጠገብ፣ አንድ ሁለት ሜትር ውስጥ ሲሆን ይሠራል፤ ሌላ ክፍል ከገባ ይጠፋል። ስልኬ እዚያው ክፍል ውስጥ ሙሉ ሲግናል አለው። ክዳኑን ወደ ኋላ ስገፋው አንዳንዴ ይመለሳል። አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ የዋይፋይ ካርዱ ከ«ዲቫይስ ማኔጀር» ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። ድራይቨር ቀይሬያለሁ፣ ምንም አልጠቀመም።

ካቻቢቴ፦

ሦስት_ባር፣ የአንተ ድራይቨር አይደለም፤ በእጅ የሚነካ ነገር ነው። በአብዛኛው ላፕቶፕ አንቴናዎቹ ያሉት በስክሪኑ ዙሪያ ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ ወይም ግራጫ፣ በክዳኑ ማጠፊያ ውስጥ አልፈው ሥር ካለው ካርድ ላይ ይሰካሉ። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ማጠፊያ ውስጥ ይታጠፋሉ። አንዱ ከተሰነጠቀ ወይም ከካርዱ ላይ ከተነቀለ ልክ ያልከው ነው የሚሆነው፦ ራውተሩ ሥር ይሠራል፣ ራቅ ሲል ይጠፋል።

ከመፍታትህ በፊት ለካ። ራውተሩ 3 ሜትር ገደማ ርቆ ላፕቶፑን ሳታንቀሳቅስ፣ «ኔትሽ»ን እየደጋገምክ ክዳኑን በትንሽ በትንሹ ከ60 እስከ 130 ዲግሪ ክፈት፤ በየቦታው አሥር ሰከንድ ጠብቅ። ጤነኛ ላፕቶፕ ላይ ጥቂት ዲሲቤል ይዋዥቃል። 85 በመቶ የነበረው አንድ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ወደ 45 ከወደቀ ሽቦው እዚያ ጋ ነው የታመመው።

ለመክፈት፣ ላፕቶፑን አጥፍተህ የቻርጀሩን ሶኬት ንቀል፤ የሥሩን ክዳን ብሎኖች ስትፈታ ርዝመታቸው ስለሚለያይ እንደ ቦታቸው ወረቀት ላይ ደርድራቸው። ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ማገናኛ ከማዘርቦርዱ ላይ ንቀል፤ ይህን አትዝለል። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ 22 በ30 ሚሊሜትር የሆነች፣ በአንድ ብሎን የተያዘችና ሁለት ሽቦ የተሰካባት ናት። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን አትወጣም፤ ያኔ ማየት የምትችለው ሽቦዎቹን ብቻ ነው። ብሎኗን ፍታ፣ ካርዷ በራሷ ቀና ትላለች፤ ወደ ውጭ ሳብ አድርገህ እንደገና እስከ መጨረሻው ግፋትና እሰራት። ከ«ዲቫይስ ማኔጀር» የሚጠፋው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይድናል።

የሽቦዎቹ ጫፍ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ክብ ቁልፍ ናት። የሚበላሸው እዚህ ነው። ስትነቅላት ሽቦውን ይዘህ አትሳብ፤ ከሥሯ በፕላስቲክ ጫፍ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳት። ስትሰካት ልክ በላዩ መቀመጧን በዓይንህ አረጋግጥ፣ ከዚያ በጣትህ ጫን በል፤ ቀጭን የ«ጠቅ» ድምፅ ትሰማለህ። ጠማማ ሆና ከተጫነች ቀለበቷ ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ አትይዝም። እነዚህ ማገናኛዎች ለጥቂት ጊዜ መሰካትና መነቀል ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ለመሞከር እየደጋገምክ አትንቀላቸው። ሁለቱም በደንብ ተሰክተው ክዳኑ ላይ ያለው መዋዠቅ ካልተለወጠ ሽቦው ማጠፊያው ውስጥ ተቆርጧል፤ መቀየር ያለበት አንቴናው ከነሽቦው ነው፣ ያ ደግሞ ስክሪኑን መፍታት ይጠይቃል። ያን ያህል መግባት ካልፈለግህ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ ካርድ ችግሩን ያልፈዋል፤ ብቻ ገመድ_አልባ ስለ ዩኤስቢ 3 ያለውን አስበህ ከሌሎች ገመዶች አርቀህ ሰካው።

መስመር_ፈላጊ፦

ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ፤ እንደተባለው አንድ አንድ እያልኩ ነው የቀየርኩት።

በግራ በኩል ሃብ ተሰክቷል፤ ሃቡ ላይ ደግሞ ውጫዊ ዲስክ። ፒንጉን ከፍቼ ፋይል ስቀዳ ራውተሩ 300፣ 700፣ ከዚያ «ታይምድ አውት» እያለ ሄደ። ሃቡን ስነቅለው በሦስተኛው ሰከንድ 3፣ 2፣ 2፣ 4 አለ። ሃቡ ተነቅሎ፣ እዚያው 2.4 ላይ እያለ ከ600 ውስጥ የጠፋው 9 ነው። ቻናሉን ከ9 ወደ 1፣ ስፋቱን ከ40 ወደ 20 ስቀይረው ከ600 ውስጥ የሚጠፋው ወደ 2 ወረደ። ከዚያ ሃቡን መልሼ ሰካሁና ላፕቶፑን በ5 ጊጋኸርዝ ቻናል 44 አገናኘሁት፤ ዲስኩ እየቀዳ እያለ ከ3600 ውስጥ 1 ብቻ ጠፋ፣ አማካዩ 3 ሚሊሰከንድ ነው። ስልኮቹንም አየኋቸው፤ እውነትም ሁለቱም 5 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው።

የእንቅልፉ ነገር፦ «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለው ትር የለም። ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርጄ ጫንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ሃያ ጊዜ ያህል ዘግቼ ከፍቼዋለሁ፣ ሁሉንም ጊዜ በ5 ሰከንድ ውስጥ ተገናኝቷል። መዝገቡ ላይም ከእንቅልፍ በኋላ 8002 አልታየም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ 160 ሜጋኸርዝ ስፋት ይፈቅዳል፤ አሁን 80 ላይ ነው። ከፍ ላድርገው?

ገመድ_አልባ፦

80 ላይ ይተዉት። 160 ሜጋኸርዝ ሲያደርጉት ከ36 እስከ 64 ያለውን በሙሉ ይይዛል፤ ከ52 እስከ 64 ያሉት ደግሞ ከራዳር ጋር የሚጋሩት ናቸው። ቻናል 44ን ስለመረጡ ብቻ አያመልጧቸውም፤ ያ የአንድ ደቂቃ መጥፋት ተመልሶ ይመጣል። ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚሰበሰበው ጫጫታም በ3 ዲሲቤል ስለሚጨምር ከግድግዳው ማዶ ያለው ላፕቶፕ ላይ ትርፉ ትንሽ ነው። ሃቡን ግን 5 ጊጋኸርዝ ላይ ቢሆኑም ከላፕቶፑ ራቅ ያድርጉት፤ ብሉቱዝ ማውስ ወይም ማዳመጫ ካለዎት እነሱ ያሉት አሁንም 2.4 ላይ ነው፣ ጫጫታው ይነካቸዋል።